መነሻዋን የበላች ነጋዴ ገበያ ሲከፈት ምን ይዛ ትውጣ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ስለመዘጋጀት ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ነው ይሄን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት። ጽሁፉ ጥሩ ነው፣ ስለ ክትባት አለ፣ ስለ ኦክስጅን አለ፣ ስለ ላብራቶሪ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2025 ሜይ ላይ ስላጸደቁት የወረርሽኝ ስምምነትም በደንብ ተብራርቷል (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታ)። ግን ሁለቴ ደጋግሜ ባነበው መንገድ ዳር ዘርግቶ ስለሚሸጥ ሰው፣ ስለ ቀን ሠራተኛው፣ ስለ ልብስ አጣቢዋ፣ ስለ ተሸካሚው፣ ስለ ሊስትሮው አንድ መስመር አጣሁበት። የእናንተ ጥፋት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሁሉም ጋ እንደዛ ነው። ወረርሽኝ ሲባል ሆስፒታል ነው የሚመጣብን፣ ኢኮኖሚ ሲባል ደግሞ ፋብሪካና ባንክና አየር መንገድ።

እኔን እናቴ መንገድ ዳር ቸርችራ ነው ያሳደገችኝ፣ ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የማየው። ልጅ ሆኜ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ምን ነበር መሰላችሁ፣ ማታ የዕለቱን ገንዘብ ስትቆጥር አንዱን ክፍል ለብቻው በጨርቅ ትቋጥረዋለች፣ እኛ እንደራበን እያየች እንኳን ያንን ቋጠሮ አትፈታውም። "ይሄ የኔ አይደለም፣ የሥራው ነው" ትላለች። መነሻዋ ነው፣ ነገ ጠዋት ዕቃ የምታነሳበት ገንዘብ። ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር፣ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ያ ቋጠሮ ከተፈታ እኮ ነገ የለም። እና ኮቪድ የመጣ ጊዜ በየአገሩ ስንትና ስንት ሰው የፈታው ያንን ቋጠሮ ነው። ልላችሁ የፈለኩት ዋናው ነገር ይሄው ነው። ወረርሽኝ የትንሹን ሰው ንግድ የሚገድለው መነሻውን አስበልቶ ነው፣ የጥቂት ሳምንት ገቢ መቅረቱንማ ሰው እንደምንም ይችለዋል። ፕላን የሚያወጡት ሰዎች ግን ይሄንን አላዩትም፣ ወይ አይተው አልፈውታል።

ስፋቱን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። የዓለም የሥራ ድርጅት፣ አይኤልኦ የሚባለው፣ በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ሥራ ካለው ሰው ከ60 በመቶ በላይ፣ በቁጥር ወደ 2 ቢሊዮን የሚሆነው፣ የሚተዳደረው ኢ-መደበኛ በሚባለው፣ መዝገብ ላይ በሌለ ሥራ ነው ይላል። አፍሪካ ላይ 85 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። እስቲ አስቡት፣ ከ10 ሠራተኛ ከ8 በላዩ የሚሠራው ሥራ "ኢ-መደበኛ" ተብሎ፣ የቀሩት ጥቂቶች የሚሠሩት "መደበኛ" ሲባል ቃሉ ራሱ ነገሩን ዳር አስይዞ እንድናየው ያደርገናል። ቃሉ የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ኪት ሃርት የሚባል አንትሮፖሎጂስት ጋና አክራ ውስጥ ያየውን ሲጽፍ ተጠቀመበት፣ አይኤልኦ ደግሞ በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ሪፖርት አስፋፋው። ያኔ ሊሉ የፈለጉት እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈት አይደሉም፣ ሌት ተቀን ይሠራሉ፣ መዝገብ ላይ ስለሌሉ ነው የማይታዩት የሚል ነበር። ይኸው 50 ዓመት አለፈ፣ አሁንም መዝገብ ላይ ስለሌሉ ነው ያልታዩት።

ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ ወረርሽኝ ነው ተብሎ ታወጀ። ገና ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል መጨረሻ፣ ይሄው አይኤልኦ ከኢ-መደበኛ ሠራተኞች ውስጥ 1.6 ቢሊዮን የሚሆኑት ኑሯቸው ክፉኛ እንደተመታ ገመተ፣ በመጀመሪያው ወር ብቻ ገቢያቸው በአማካይ 60 በመቶ ወረደ፣ አፍሪካና ላቲን አሜሪካ ላይ 81 በመቶ። እንግዲህ ደመወዝተኛ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ወደ 19 ቢወርድ ምን እንደሚል እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ያውም ደመወዝተኛው ባንክ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ነገር ይኖረዋል።

ነገሩን በቁጥር ልሞክረው፣ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የኔ ነው፣ የየትኛውም አገር ገንዘብ ይሁን። አንዲት ቸርቻሪ መነሻዋ 1000 ነው እንበል። ጠዋት በ1000 ዕቃ ታነሳለች፣ ማታ 1150 ሆኖ ይገባል። ከ150ው 100 ለቤት ይሄዳል፣ 30 ተራ በተራ በሚወጣ ቁጠባ ውስጥ ትጥላለች፣ 20 ለትራንስፖርትና ለሚበላሽ ዕቃ ነው። 1000ው ነገ ጠዋት ተመልሶ ይወጣል። ሥራው በቃ ይሄ ነው፣ ያው ገንዘብ በየቀኑ ይዞራል፣ ቤተሰቡ የሚኖረው ገንዘቡ ስለዞረ ነው። አሁን ገበያው ለ21 ቀን ተዘጋ። የቤቱ 100 ግን አይዘጋም፣ ልጅ አይጾምም፣ የቤት ኪራይ አይቆምም። በ10 ቀን 1000ው አለቀ። ከ11ኛው ቀን ጀምሮ ብድር ነው፣ በ21ኛው ቀን 1100 ዕዳ አለባት፣ ወለዱን ሳንቆጥር። በቁጠባው ልድን እንዳትል እዛ ያሉት ሁሉ እንደሷ ስለሆኑ የሚጥል ጠፍቶ ቁጠባውም ቆሟል።

22ኛው ቀን ላይ ገበያው ተከፈተ ሲባል ታዲያ ምን ይዛ ትውጣ? ያላት መንገድ ከጅምላ ሻጩ በዱቤ ማንሳት ነው፣ እሱም ካመናት። ጅምላ ሻጩም ተጎድቷል፣ ስለዚህ የ1000ውን ዕቃ 1060 ብሎ ነው የሚያስይዛት። 150 የነበረው ትርፍ እዛው ጋ 90 ሆነ። ደንበኛውም ኪሱ ስለሳሳ የሚገዛው ያንሳል፣ ስለዚህ ከ90ም ይወርዳል፣ ቤቱ ግን አሁንም 100 ይፈልጋል፣ በዛ ላይ የ1100ው ዕዳ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ይቺ ሴት ከዚህ በኋላ ከንጋት እስከ ምሽት ብትለፋ መነሻዋን መልሳ አትሰበስብም። ሰነፍ ሆና አይደለም፣ ሂሳቡ ስለማይሰጥ ነው። ሪፖርቶቹ ላይ "ኢኮኖሚው አገገመ" ሲባል እኔ የምጠይቀው ሁሌም ይሄንን ነው፣ የነማን መነሻ ተመለሰ? መነሻ ያለው ሰው በአንድ ወር ያገግማል፣ መነሻውን የበላ በአምስት ዓመትም ላያገግም ይችላል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የሚበላሽ ነገር የሚሸጠው ነው። እሱ 10 ቀን እንኳን የለውም። ህንድ ውስጥ ማርች 24 ቀን 2020 ማታ 2 ሰዓት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በቴሌቪዥን ወጥተው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አገሩ በሙሉ ለ21 ቀን ይዘጋል አሉ። የ4 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ማለት ነው። ጠዋት አትክልት ያነሳ፣ አበባ ያነሳ፣ አሳ ያነሳ ሰው መነሻው በሙሉ እጁ ላይ በሸቀጥ መልክ ነበር ያለው፣ የ4 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ለሱ ምን ይሠራለታል። ከተማ ውስጥ የቀን ሥራ ሲሠራ የነበረው ሰው ደግሞ ሥራውም ማደሪያውም በአንድ ጊዜ ቀረበትና ትራንስፖርት ስለቆመ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ ወደ ትውልድ መንደሩ ተጓዘ፣ ልጅ በትከሻ ላይ አድርገው በአውራ ጎዳና ሲሄዱ የታዩት ሰዎች ምስል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ማስጠንቀቂያው 4 ቀን ቢሆን ኖሮ ብዙው ሰው ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቫይረሱ በ4 ቀን ውስጥ ይስፋፋል የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ክርክሩም ቀላል አይደለም፣ ግን በእግር የተበተነው ሕዝብስ ቫይረሱን ይዞ አልሄደም ወይ?

መዝጋቱ ባይኖር ኖሮ ችግሩ አይኖርም ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ይሄም ትክክል አይመስለኝም። መንገዱ ሳይዘጋም ደንበኛው ይቀራል። ሊስትሮ የሚኖረው ቢሮ በሚገባ ሰው ጫማ ነው፣ ቢሮ የሚገባው ሰው ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ሲሠራ ጫማ የለም። ልብስ አጣቢዋን "በሽታ እንዳታመጪብን" ብለው አስቀሯት፣ ደመወዟን እየከፈሉ ያቆይዋት ጥቂቶች ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በር ላይ ለተማሪ የሚሸጥ ሰው ሥራው አብሮ ተዘጋ። ፕላስቲክ ለቅመው የሚሸጡትን ደግሞ ማንም የማያስበው ነገር ነው የመታቸው፣ በ2020 በማርችና በኤፕሪል የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ አዲስ ፕላስቲክ መሥራት ረከሰ፣ ስለዚህ አሮጌው ፕላስቲክ የሚገዛው አጣ፣ እነሱ ከቆሻሻው ጋር የተጣለ ማስክና ጓንት በባዶ እጃቸው እየነኩ የለቀሙት ነገር ዋጋው በሌላ አህጉር ወርዶ ጠበቃቸው። መንገድ ዳር ያለችው ሴት ንግድ ከዓለም ኢኮኖሚ ጋር አልተያያዘም የሚል ሰው ይሄንን ይይ።

ስለ በሽታው ራሱም ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም፣ ሰው ሁሉ ስለ ኮቪድና ስለ ንግድ ሲያወራ በሽታውን ይረሳዋል። ርቀት ጠብቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ቤታችሁ ቆዩ የሚለው ምክር የተሠራው ደመወዝ ላለው፣ ቧንቧ ላለው፣ ክፍሉ ለበዛ ቤት ነው። ዛሬ ካልሠራ ዛሬ የማይበላ ሰው ሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም፣ እያተኮሰው ይወጣል። ፔሩን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። መንግሥቱ ቶሎ ነው የተነሳው፣ ማርች 16 ላይ አገሩን ዘጋ፣ ጥብቅ ነበር፣ ገንዘብም ለድሃው 380 ሶል መድቦ ነበር። ግን ከሠራተኛው 70 በመቶ በላይ ኢ-መደበኛ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ ፍሪጅ ስለሌለው በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ ገበያ መውጣት ግድ ነው፣ ከአዋቂው ግማሽ በላይ የባንክ ሂሳብ ስላልነበረው ገንዘቡን ለመቀበል ባንክ በር ላይ ተሰለፈ። ስለዚህ ገበያውና የባንኩ ሰልፍ ራሱ የበሽታ መተላለፊያ ሆነ። ፔሩ ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር በዓለም ላይ ብዙ ሰው ከሞተባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ሕጉ ላላ ብሎ አይደለም፣ ሕጉ ሰዉ እንዴት እንደሚኖር አይቶ ስላልወጣ ነው።

ኡጋንዳ ላይ የሆነውን አንዳንዱ ሰው እንደ ጥሩ ምሳሌ ሲያነሳው እሰማለሁ። ምግብ ሸጪዎች ወደ ቤት እየተመላለሱ በሽታ እንዳያዛምቱ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ እዛው ገበያው ውስጥ እንዲያድሩ አዘዙ፣ ካምፓላ ውስጥ ሴቶች ከመደባቸው ሥር አጎበር ዘርግተው አደሩ። አዎ ከተማው ምግብ አላጣም፣ የነሱም መነሻ መዞሩን አላቆመም። ግን ቤት ውስጥ የቀሩት ልጆቻቸውስ? ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እናት ገበያ ውስጥ ናት። ይሄንን የማነሳው የከፈሉት ዋጋ እንዲታይ ብዬ ነው፣ ሌላው ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲበላ እነሱ ሲሚንቶ ላይ ተኝተዋል፣ ጀግና መባል ካለበት ከሐኪምና ከነርስ ቀጥሎ እነዚህ ናቸው። ሴቶችን በተመለከተ አይኤልኦም ያኔ ያለው ነገር አለ፣ ከኢ-መደበኛ ሠራተኛ ሴቶች 42 በመቶ የሚሆኑት ክፉኛ በተመቱት ዘርፎች ውስጥ ናቸው፣ ከወንዶቹ 32 በመቶ። በዛ ላይ የታመመ ማስታመም፣ ቤት የዋለ ልጅ መጠበቅ ሁሉ እነሱው ላይ ነው የሚወድቀው።

ሌላው ውስጤን የሚያቃጥለኝ ነገር ወረርሽኙ ሰበብ መሆኑ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ በኤፕሪል 2020 ሰዉ በሎክዳውን ቤቱ በተቀመጠበት የከተማ አስተዳደሮች የሻጮችን መደብ አፈረሱ፣ ጽዳት ነው፣ ሥርዓት ማስያዝ ነው ተባለ። መነሻው አልቆ፣ መደቡ ፈርሶ፣ ይሄ ሰው ከዜሮ በታች ነው የሚጀምረው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሎክዳውኑ ሲጀመር ሱፐርማርኬት ክፍት ሆኖ መንገድ ዳር ምግብ የሚሸጠው ግን ተከለከለ፣ ክፍት አየር ላይ ያለው ተዘግቶ ቤት ውስጥ ያለው ተከፈተ ማለት እኮ ነው፣ ጩኸት ከበዛ በኋላ ነው በሳምንት ገደማ ውስጥ በፈቃድ ይሽጡ የተባለው። አንድ ሳምንት ምን አላት የሚል ሰው ከላይ ያለውን የ10 ቀን ሂሳብ ይመልከት።

"እነሱ ግብር አይከፍሉም፣ ታዲያ ለምን ይረዳሉ?" የሚለውን ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ የተማረ ሰው ነው የሚለው። እስቲ በደንብ እናስበው። ቸርቻሪዋ ዕቃ ስትገዛ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ትከፍላለች፣ የተመዘገበ ነጋዴ የከፈለውን ያወራርዳል፣ እሷ ማወራረድ አትችልም። ብዙ ከተማ ውስጥ ሻጮች ለመቀመጫቸው በየቀኑ ወይ በየሳምንቱ ይከፍላሉ፣ ሲከፍሉ የሚሰጣቸው ደረሰኝ ግን ነጋዴ መሆናቸውን አያስመሰክርላቸውም። ስለዚህ ስትከፍል ትታወቃለች፣ እርዳታ ሲመጣ አትታወቅም። በ2020 ብዙ መንግሥት ለንግዱ ያወጣው እፎይታ የግብር ማራዘሚያ፣ የባንክ ብድር ማራዘሚያ፣ የደመወዝ ድጎማ ነበር። ከባንክ ያልተበደረ ሰው የባንክ ብድር ቢራዘም ምን ይሆንለታል፣ የሷን አራጣ ማን ያራዝምላታል?

ይቻላል ወይ ለሚለኝ ይቻላል፣ የቻለ አለ። ቶጎ ሀብታም አገር አይደለችም። በኤፕሪል 2020 ኖቪሲ የሚባል ነገር ጀመሩ፣ በኤዌ ቋንቋ መተጋገዝ እንደማለት ነው። ሰዉ በተራ ስልኩ አጭር ቁጥር ይደውላል፣ ስማርት ስልክ አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ የመራጭነት ካርዱን ቁጥር ያስገባል፣ የመራጮች መዝገቡ ላይ ሥራው ምን እንደሆነ ስለተጻፈ ኢ-መደበኛ ሠራተኛ መሆኑ ከዛው ይታያል፣ ገንዘቡ በሞባይል ይገባለታል። ለሴት በወር 12,250 ሴፋ ፍራንክ፣ ለወንድ 10,500። ለሴት ለምን በለጠ ቢባል የቤቱን ቀለብ የምትሸከመው እሷ ናት ብለው ነው። ቢሮ መሄድ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ የለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጋ ደረሰ። ጉድለት የለውም አልልም፣ መጀመሪያ ዋና ከተማዋና ዙሪያዋ ላይ ያተኮረ ነበር፣ ካርድ የሌለው ቀረ፣ ገንዘቡም ብዙ ወር አልቆየም። ግን ፍጥነቱን እዩት፣ ቋጠሮው ሳይፈታ መድረስ ማለት ይሄ ነው።

ብራዚል ደግሞ በብዛቱ ነው የምጠቅሳት። በወር 600 ሪያል፣ ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ እናት 1200፣ ወደ 68 ሚሊዮን ሰው ጋ ደረሰ፣ ከሕዝቡ ሲሶ አካባቢ ማለት ነው። እሷም ብትሆን በአፕ ተመዝገቡ ስትል ስልክ የሌለው፣ የመታወቂያ ቁጥሩ የተበላሸበት ሰው መንግሥታዊው ባንክ በር ላይ በሰልፍ ተጉላላ። ቢሆንም በዛው ዓመት፣ በወረርሽኝ መሀል፣ ድህነት ለጊዜው ቀነሰ። ገንዘቡ በሴፕቴምበር ወደ 300 ሲወርድ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሲቆም ደግሞ ድህነቱ ተመለሰ። እኔ ከዚህ የምረዳው ለቀለብ የሚሰጥ ገንዘብ እስካለ ድረስ ያኖራል፣ ሰዉ ራሱን ችሎ እንዲቆም ግን ለብቻው መነሻ ያስፈልገዋል።

ህንድ ይሄንን መነሻ የሚለውን ነገር በተለይ ለማየት ሞክራለች፣ በጁን 2020 ለመንገድ ዳር ነጋዴዎች 10,000 ሩፒ የሥራ ማስኬጃ ብድር ያለ መያዣ ማበደር ጀመረች፣ በወቅቱ ለከፈለ የወለድ ድጎማ አለው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ቢያንስ መነሻ ተበልቷል ብሎ ያመነ መንግሥት ነው። ግን ብድር ነው፣ ከላይ ያልኳት ሴት 1100 ዕዳ አለባት፣ ሌላ ዕዳ ጨምራችሁላት ነው። ደግሞም የነጋዴነት ሰርተፊኬት ወይም ከከተማው አስተዳደር የድጋፍ ደብዳቤ ያላት መሆን አለባት፣ ከዝርዝሩ ውጪ ያለችው እዛም ቀረች።

ስለ ብድር ካነሳሁ አንድ የገጠመኝን ልናገር። አንዲት መነሻዋን የጨረሰች ሴት፣ ከእናቴ ጋር ብዙ ዓመት ጎን ለጎን የሠራች፣ አጅቤያት አንድ አበዳሪ ጋ ሄድን። ንግድ ፈቃድ አሏት፣ የለኝም። የስድስት ወር የባንክ እንቅስቃሴ አሏት፣ የለኝም። ዋስ አሏት፣ የሷ ዋስ የሚሆን ሰው ሁሉ እንደሷ ነው። ያስተናገደን ልጅ ክፉ አልነበረም፣ በትህትና ነው የሸኘን፣ ፎርሙ ነው የማይፈቅድለት። መንገድ ላይ ስንመለስ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሰው ገንዘብ አስቀርቼ አላውቅም እኮ፣ ጅምላ ሻጮቹን ጠይቃቸው" ነው ያለችኝ። እውነቷን ነው፣ የሠላሳ ዓመት መታመን አላት፣ ፎርሙ ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ የለም። ያቺን ቀን አልረሳትም። ኋላ ላይ አራጣ አበዳሪ ጋ ሄደች፣ እሱ ፎርም የለውም።

ስለዚህ ለወረርሽኝ ተዘጋጅተናል ሲባል እኔ የምፈልገው ምን መሰላችሁ፣ ከክትባቱና ከኦክስጅኑ ጎን ይሄም ይጻፍልን። ወረርሽኝ ሳይመጣ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ቸርቻሪውና ቀን ሠራተኛው ይመዝገቡ፣ ግን ለማባረር ወይ ግብር ለመጫን እንዳልሆነ በሕግ ተጽፎ፣ አለበለዚያ ማንም አይመዘገብም፣ እናቴም ብትሆን አትመዘገብም ነበር። መዝገቡን ከላይ ሆኖ ከመሥራት የሻጮቹ ማህበራት፣ የቁጠባ ቡድኖቻቸው፣ ጅምላ ሻጮቹ ቢይዙት ይሻላል፣ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ገንዘቡ በመጀመሪያው ሳምንት ይድረስ፣ 10 ቀን ሳይሞላ፣ ትንሽም ቢሆን። ገበያ ከመዝጋት በፊት ማስፋት ይሞከር፣ መንገድ ለመኪና ዘግቶ ለሻጭ መስጠት፣ መደቦቹን ማራራቅ፣ ውሃና ሳሙና ማቆም፣ ክፍት አየር ላይ ያለ ገበያ ከተዘጋ ሕንጻ ይሻላል። መዘጋት ግድ ከሆነም ጥቂት ቀን አስቀድሞ ይነገር፣ የሚበላሽ ዕቃ የያዘ ሰው ይሽጥ። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ከቀለቡ ለብቻ የሆነ፣ የማይመለስ የመነሻ ገንዘብ። ለፋብሪካ ማገገሚያ ተብሎ የሚሰጠውን ያህል አልጠየኩም፣ የአንዲት ቸርቻሪ መነሻ እኮ የአንድ ትልቅ ድርጅት የአንድ ቀን የመብራት ሂሳብ አይሞላም።

የዓለም ባንክ በ2020 አንድ ዓመት ብቻ ወደ 70 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ተጨማሪ ወደ ከፋ ድህነት ገብቷል ብሎ ገምቷል። እነዚህ ሰዎች ከዛ ዓመት በፊት ምን ይሠሩ ነበር ብሎ የጠየቀ ሪፖርት ግን ብዙ አላየሁም።

የዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ ሪፖርተራችሁን ወደ አንድ ገበያ ላኩት፣ የትኛውም ገበያ ይሁን፣ ሻጮቹን "በኮቪድ ጊዜ እንዴት ነበር?" ብሎ አይጠይቃቸው፣ ለዛ ጥያቄ ሁሉም "አለፈ፣ ተመስገን" ነው የሚሉት። "ያኔ የነበረሽ መነሻ አሁን ተመልሷል ወይ? ያነሳሽውስ የማን ገንዘብ ነው?" ብሎ ይጠይቅ፣ ቁጭ ብሎ፣ ማስታወሻውን ዘግቶ ትንሽ ይጠብቅ፣ የሚነግሩትን ደግሞ እንዳለ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቸርቻሪ ልጅ፣ የጋዜጣችሁ አንባቢ